የተሰረዘው ቁጥር

አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ሲራክ ይባላሉ። በሚያስተምሩበት ኮሌጅ ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ጥሩአየርና ብርነሽ። ሁለቱ አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ነገር ግን መምህሩ «ጎበዝ ብርነሽ!» ባሉ ቁጥር ጥሩአየር ከሁሉም ቀድማ ታጨበጭባለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ምሳዋ አይወርድላትም።

በመጨረሻው ዓመት ኮሌጁ ከተመራቂዎች አንድ ሰው ረዳት መምህር አድርጎ ሊያስቀር ወሰነ። መምህር ሲራክ ሁለቱን ቤተ ሙከራ ጠርተው ለየራሳቸው ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ሰጧቸው።

«ውስጡ ያለው የመዳብ ኦክሳይድ ነው። መዝኑት፤ ኦክስጅኑን አስወጡና የቀረውን መዳብ መዝኑ። ስንት የመዳብ አቶም ከስንት የኦክስጅን አቶም ጋር እንደተጣመረ አስልታችሁ ቀመሩን ጻፉልኝ» አሏቸው።

ጥሩአየር ተጠንቅቃ ሠራች። ጥቁሩ ዱቄቷ ስምንት ግራም መዘነ። ኦክስጅኑን ስታስወጣ ስድስት ነጥብ አራት ግራም መዳብ ቀረ። የጎደለው አንድ ነጥብ ስድስት ግራም ኦክስጅኑ ነው። አንድ የመዳብ አቶም የኦክስጅንን አራት እጥፍ ያህል ስለሚመዝን፣ ስታሰላው አቶሞቹ አንድ ለአንድ ሆኑ። ደግማ አሰላችው፤ ያው ነው።

በዚህ መሃል ብርነሽ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ደብተሯ ክፍት ነበር። ጥሩአየር አላስችል አላትና አንገቷን አስግጋ አየች። የመዳቡ ክብደት ከእሷ ጋር እኩል ነው፤ ኦክስጅኑ ግን ግማሽ ብቻ! ቀመሩም ሁለት ለአንድ ይላል።

«እሷ መቼ ተሳስታ ታውቃለች? ዛሬም ልትበልጠኝ ነው» አለች በልቧ። ቁጥሯን ሰርዛ የብርነሽን ጻፈች።

በማግሥቱ መምህር ሲራክ ሁለቱንም ወረቀት ዘርግተው ጠየቁ።

«ጥሩአየር፣ ዱቄትሽ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?»

«ጥቁር፣ መምህር።»

«የብርነሽስ?»

ጥሩአየር ወደ ብርነሽ ዞረች። «የእኔ ቀይ ነበር» አለች ብርነሽ።

«መዳብና ኦክስጅን የሚጣመሩት በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም» አሉ መምህሩ። «ጥቁሩ አንድ ለአንድ ነው፤ ቀዩ ሁለት ለአንድ። የሰጠኋችሁ የተለያየ ነበር። ከሥር የሰረዝሽው ቁጥር ይታየኛል፤ ልክ ነበር። ለምን ሰረዝሽው?»

«ከእሷ እንዳላንስ ብዬ ነው» አለች ጥሩአየር እያለቀሰች።

«የተሳሳተን ሰው አስተምረዋለሁ። በዓይኑ ያየውን የሚሰርዝን ግን ተማሪ ፊት አላቆምም» አሉ መምህሩ። ቦታውን ብርነሽ አገኘች።

ሁለቱ ሲወጡ ብርነሽ፣ «ብትጠይቂኝ እኮ ዱቄቱንም አሳይሽ ነበር» አለቻት። ጥሩአየርን ቦታውን ከማጣት ይልቅ ያቃጠላት ይህ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ አጠገቧ ቆማ ስትሠራ የጓደኛዋን ዱቄት ቀለም እንኳ አላስተዋለችም፤ ዓይኗ ያረፈው የብርነሽ ውጤት ላይ ብቻ ነበር።

ቅናት እንዲህ ነው። ሌላው ያገኘውን ያሳየናል፤ ከምን ተነስቶ እንዳገኘው ግን ይሰውርብናል። በዚህም የራሳችንን እውነት እንደ ስህተት ቆጥረን በገዛ እጃችን እንሰርዛለን።

እርስዎስ፣ የሌላ ሰው ደብተር ላይ ዓይንዎን ጥለው የሰረዙት ትክክለኛ መልስ የለም?