ነነዌን የጾሙ ዓሦች

አለቃ የበታቹን ዕረፍት ነስቶት የበታቹ ባለጉዳይ ላይ ሲጮኽ፣ ወይም እናት ልጇን ከጨዋታ ከልክላው እሱ ታናሽ እህቱን ሲነክስ፣ የእኛ ሰፈር ሰው ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። ከየት ወርዳ! ባሕር ዳር ተወልዳ ባሕር ዳር ያደገች ናት፤ አዋላጇም አንድ ዓሣ ነው።

ጋሽ ጥሩነህ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዘመድም ጓደኛም የሆነው ሱቁ መስኮት ሥር ያስቀመጠው ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነው። በገንዳው ውስጥ ጅራታቸው ያሸበረቀ ትንንሽ ዓሦች አሉ፤ መሬት መሬቱን የሚልሱ ዝምተኞችም አሉ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጠፍጣፋ፣ ክንፉ የረዘመ፣ ጥቁር መስመር የወረደበት ዓሣ አለ። ይህን ፊታውራሪ ብሎ ሰይሞታል፤ ምግብ ሲጣል እሱ ሳይቀምስ ሌላው አይጠጋማ።

ጋሽ ጥሩነህ ጾመኛ ነው። ጾመኛ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ አጿሚም ነው። ረቡዕና ዓርብ ቤቱ የገባ እንግዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀርብለትም። ከዐቢይ ጾም ቀድማ የምትመጣው የሦስት ቀኗ ጾመ ነነዌ ስትደርስማ ዓሦቹንም ያጾማቸዋል። ለምን ብሎ የጠየቀ መልሱን አያጣም።

“በነነዌ ሰዉ ብቻ ነው እንዴ የጾመው? ከብቱም በጉም ጾሟል፤ መጽሐፍ ነው የሚለው። ዮናስን የዋጠው ዓሣስ ቢሆን ሦስት ቀን በሆዱ ይዞት መች ፈጨው? እንዲያውም ይኼ የዓሣ ጾም ነው!”

ሰው ይስቃል። ዓሣም ሦስት ቀን ሳይበላ ቢውል አይሞትምና በየዓመቱ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር።

ከሱቁ ፊት ለፊት የልብስ ስፌት የምታስተምረው ወይዘሮ ትጓደድ ትኖራለች። እሷም ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። ጋሽ ጥሩነህ ይወዳታል፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው ቢኖር ትናንት የገባ ተከራይ ነው። ምንም ያልሆነ ሰዓቷን “ለማንኛውም ትታይ” እያለ በየጊዜው ከፍቶ ይዘጋዋል። ሽማግሌ ለመላክ ግን ልቡ ይፈራል። እምቢ ካለችኝ በመስኮት እያየኋት እንዴት እኖራለሁ ይላል።

አንድ ቀን ወይዘሮ ትጓደድ አፉ የሰፋ የመስታወት ዕቃ ታቅፋ ሱቁ ገባች። በውኃው ውስጥ ሽሪምፕ የሚባሉ፣ ከጥፍር የማይበልጡ፣ እንደ በርበሬ የቀሉ ጢማም የውኃ ፍጥረቶች ሣር ላይ ይርመሰመሳሉ።

“ልጄ አዲስ አበባ መውለጃዋ ደርሷል፤ ሄጄ ላርሳት ነው” አለች። “እነዚህን ለማን ልተዋቸው? ከእርስዎ በቀር ውኃ የሚያውቅ የለም።”

“በእኔ ይሁንብዎ!”

“ከዓሦችዎ ጋር ይስማማሉ?”

“የእኔ ዓሦች? ኧረ ጨዋዎች ናቸው! ጠብ የሚባል አያውቁም።”

“ጨዋነት ከጥጋብ ጋር ነው፣ ጋሽ ጥሩነህ። ጠዋትና ማታ ካበሏቸው ወደነዚህ አያዩም። መደበቂያ ሣርም ያብዙላቸው። ደግሞ ሲያድጉ ልብሳቸውን ያወልቃሉ፤ ባዶ ገለፈት ቢያዩ ሞቱ ብለው እንዳይደነግጡ። ይቺን ሆዷ ሥር እንቁላል ያቀፈችውንማ አደራ!”

አደራ የምትለዋ ቃል ለጋሽ ጥሩነህ ከቀለበት አላነሰችበትም። ማታውኑ የንስሐ አባቱ መምሬ ይባቤ ዘንድ ሄዶ መስቀል ተሳለመና፣ “አባቴ፣ ስትመለስ ሽማግሌ ሆነው ይሄዱልኛል” አላቸው። እሳቸውም “አደራዋን በደህና አስረክብ እንጂ እግሬ አይሰንፍም” አሉት።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም አማረ። ዓሦቹ ጠግበው ይዋኛሉ፤ ሽሪምፖቹ ከመስታወቱ ላይ አረንጓዴውን እየለቀሙ ይውላሉ። ጋሽ ጥሩነህም ላለፈ ላገደመው ሁሉ “የትጓደድ ናቸው” እያለ ያሳያል። ይኸን ጊዜ ነነዌ ገባች።

ሰኞ ጠዋት የምግቡን ቆርቆሮ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። አደራው ትዝ አለው። ‘ጠዋትና ማታ ያለችኝ ለዘወትር ቀን ነው፤ ነነዌንማ እሷም አትሽርም’ ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ለራሱ ሲፈርድ ይግባኝ የሚል የለም። ደግሞ ጠያቂው ሁሉ ዘንድሮስ ዓሦቹ ጾሙ ወይ ብሎ ሊመጣ ነው፤ ምን ብሎ ይመልስ?

ማክሰኞ ዓሦቹ ጣቱ ባለፈበት ሁሉ መስታወቱን እየተከተሉ አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ።

“ይጸልያሉ” አለ ሰዓቱን ሊያሠራ ለመጣ ደንበኛ።

ደንበኛው ጎንበስ ብሎ አየ። “ይኼ ትልቁ ግን ዓይኑን ከቀዮቹ ላይ አልነቀለም።”

“ፊታውራሪ ነው፤ ያስተነትናል!”

ገንዳው ወለል ላይ የሳሳ ባዶ ገለፈት ሲያይም አልደነገጠም። እንዲያውም ለጾሙ ልብስ ቀየሩ ብሎ ደስ አለው። የቀዮቹ ቁጥር ከትናንቱ እንደሳሳ ልብ አላለም፤ ሣሩ ውስጥ ገብተው ሱባኤ ይዘዋል ብሎ ተወው።

ረቡዕ ከቅዳሴ ሲመለስ የራሱም ሆድ ይጮኽ ነበር። ዓሦቹን ይወዳቸዋልና እሱ ከመቅመሱ በፊት እነሱ ይግደፉ ብሎ ቆርቆሮውን ከፈተ፤ በርከት አድርጎም በተነ። ማንም አልመጣም። ምግቡ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ፊታውራሪ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ ሆዱን አንዘርጥጦ ማዕዘኑ ላይ ቆሟል። ከአፉ ጥግ አንዲት ቀጭን ቀይ ጢም ተንጠልጥላለች።

ጋሽ ጥሩነህ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ሣሩን ገለጠ፤ ድንጋዩንም አነሣ። አንድም ቀይ የለም። እንቁላል ያቀፈችውም የለችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሽሪምፕ አይደለም የጠፋበት፤ ትጓደድ ናት የጠፋችበት።

ወይዘሮ ትጓደድ በዚያው ሳምንት ተመለሰች። በሱቁ በር ስትገባ መምሬ ይባቤ ለሽምግልናው ቀን ሊቆርጡ መጥተው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ጥሩነህም የሆነውን ለመናገር አፉን እያሟሸ ነበር።

“እንኳን ማርያም ማረችልዎ” አለ ከወንበሩ ተነሥቶ፤ ዓይኗን ግን አላየም።

“አሜን፤ ወንድ ልጅ ነው። የእኔዎቹስ እንዴት ከረሙ?”

“ወይዘሮ ትጓደድ … ነነዌ ነበረች።”

“እና?”

“አጾምኳቸው።”

“ሽሪምፖቹን?”

“ዓሦቹን።”

ወይዘሮ ትጓደድ ወደ ገንዳው ተጠጋች። ፊታውራሪን አየችው፤ እሱም አያት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። መምሬ ይባቤ ጺማቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቃቸውን ቢይዙት ቢይዙት አመለጣቸው።

“ጾም መግደፉ ሳያንስ ክንፍና ቅርፊት በሌለው፣ ኦሪት በከለከለው ገደፈ? የዚህን ዓሣ ንስሐ እኔ አልችለውም!”

እሷ አልሳቀችም። “ጋሽ ጥሩነህ፣ እኔም ጿሚ ነኝ” አለች። “ወድጄ ነው የምጾመው፤ ማንም ቆርቆሮ ደብቆብኝ አይደለም። ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ቤት የገባ ሲርበው እህል ያገኛል ወይስ ስብከት?”

ጋሽ ጥሩነህ የምግቡን ቆርቆሮ አንሥቶ ፊቷ አስቀመጠው። “አጥፍቻለሁ” አለ። “ለጽድቅም አልነበረም። ሰው እንዲያደንቀኝ፣ ጥሩነህ ዓሣውንም ያጾማል እንዲሉልኝ ነው። ለዚች ወሬ ስል የእርስዎን አደራ በላሁ።”

ወይዘሮ ትጓደድ ከገንዳው ወደ እሱ ዞረች። “እውነቱን መናገርዎ ደግ ነው። አሁን ዐቢይ ጾም ደርሷል። እርስዎ ጾምዎን ይጹሙ፤ እነሱን ግን በየጠዋቱ ሲያበሉ በመስኮቴ አያለሁ። እስከ ፋሲካ ያላጎደሉ እንደሆነ መምሬ የቤቴን መንገድ ያውቁታል።” ይህን ብላ ወጣች። በሩን ከተሻገረች በኋላ ግን ሳቋ እስከ ሱቁ ድረስ ተሰማ።

ጋሽ ጥሩነህ ልቡ ዘለለ። እምቢ አላለችውም! ሆኖም ሐሳብ ያዘውና ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ።

“አባቴ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይኼ ፊታውራሪ ስንት ዓመት አብሮኝ ሲጾም ክፉ ወጥቶት አያውቅም። ዘንድሮ ምን ነካው?”

መምሬ ይባቤ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

“አምና አፉ የሚችለው ጎረቤት አልነበረውማ! እወቅ ልጄ፤ በግድ ያጾሙት በጎረቤቱ ይገድፋል።”