መሠረት ድንጋይ የበዛበት መንገድ

ተረት ተረት ስላችሁ «እህ» በሉኝ፤ ዝም ካላችሁ ለግድግዳው እነግረዋለሁ።

የላይ መንደርንና የታች መንደርን እሾሃማ ጥሻ ይለያቸው ነበር። የእመት በጊቱ ልጅ ታች መንደር ተድራ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደርሳለች፤ እናት ግን ከላይ መንደር በምን ትለፍ? አስተዳዳሪው አያ አንበሶ በየዓመቱ ይደግስና ከደጁ ፊት ለአገናኝ መንገዱ መሠረት ድንጋይ ይጥላል፤ ይናገራል፤ ይጨበጨብለታል፤ በቃ።

ዘንድሮም ሊጥል ሲሰናዳ እመት በጊቱ ከተፍ አለች።

«አያ አንበሶ፣ እስካሁን የጣሉት ድንጋይ እኮ ቤት ይሠራል። መንገዱ የታለ?»

«በጀት አልተለቀቀም፤ እቅዱን ብታዪው ግን እንዴት ያምራል መሰለሽ!» አለ እየተንጎራደደ።

«እንግዲያው ዘንድሮ ጥሻው መሀል ይጣሉት፤ የታች መንደርም ይጠራ። እርስዎን የመሰለ ተናጋሪ ለግማሽ ሕዝብ ብቻ ሲናገር ያሳዝናል።»

የአንበሳ ጎፈር ቆመ። «እውነትሽን ነው!» ብሎ ድግሱን በሁለቱም መንደር አስለፈፈ።

ሆዳሙ ዝሆን «ድግሱ ገብስ አለበት?» ሲል ጠየቀ። «ሞልቶ!» አለችው በጊቱ። ከነዘመዶቹ ከላይ ወረደ፤ ጎሾችም ከታች ወጡ። እሾሁን እንደ ጭድ እየደፈጠጡ መሀል ላይ ተገናኙ፤ ከበሮ ተመታ፣ ተጨፈረ። የረገጡትም ሰፊ መንገድ ሆነ።

አንበሳ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ንግግሩን ሲጀምር፣ እመት በጊቱ በጎሾቹ ዱካ ሽው ብላ ታች መንደር ገባች። ልጇ መንታ ታቅፋ ጠበቀቻት። ግልገሎቹን እየላሰች ሳለ የአንበሳ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፦

«መንገዱ በቅርቡ ይጀመራል!»

እመት በጊቱ እልልታዋን አቀለጠችው።

እኔ ጨረስኩ፤ እሱ ግን ገና እየተናገረ ነው።