ጌሾው እስኪደርስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጌሾ አብቃይ። ቁጭ በል እንጂ ስንሻው፤ ጠይቀኸኝ የለም እንዴ! «ከሚስቴ ልንለያይ ነው፤ ቀለብ ቁረጥልኝ ትላለች፤ ከሽማግሌ ፊት ከምቀመጥ ፍርድ ቤት ገትሬ ብሞግታት አይሻልም ወይ፣ አባ?» አላልከኝም? እንግዲያው ስማ።

ይህ ሰው ከአንድ ወይፈንና ከጓሮው በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም። ጓሮው ግን ጓሮ ነው! ጌሾው ጥቅጥቅ ያለ፣ ገበያ ሲወጣ ጠላ ጠማቂዎች የሚሻሙበት። ሚስቱም ከዚያው እየለቀመች ጠላ ትጠምቃለች፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሱ ጌሾና በእሷ ጠላ ነበር። ልጅ አልወለዱም። እያደር ትዳሩ ሻከረ። በምን ተጣሉ ብለህ አትጠይቀኝ፤ እነሱም በቅጡ አያውቁትም። አንድ ቀን «ይብቃን» ተባባሉና እሷ እቃዋን ሸክፋ ከወንዙ ማዶ ካለው የሟች እናቷ ቤት ገባች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አላበቃም። ጠላ ያለ ጌሾ አይጠመቅ፤ ገዝታ እንዳትጠምቅ እጇ ባዶ ነው። «ጓሮው የእኔም ላብ አለበት፤ እኩል ይከፈል» ስትል ላከችበት። እሱ ደግሞ «አንዲት ቅጠል አልሰጥም!» አለ። ጎረቤት መቼም ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይወዳል፤ «ወይፈንህን ሸጠህ ጠበቃ ያዝባት እንጂ፤ ወንድ አይደለህም?» አሉት።

ጨካኝ እንዳይመስልህ። ፈርቶ ነው። አንዴ እጁን ከዘረጋ ዕድሜ ልኩን የሚጎትቱት መሰለው። «ነገ ሌላ አገባ ይሆናል፣ እወልድ ይሆናል፤ ለሄደች ሴት እስክሞት ጌሾ ስሸከም ልኖር ነው?» እያለ እህል አልወርድ አለው። በመጨረሻ ወይፈኑን እየነዳ ወደ ገበያ ወጣ።

መንገድ ላይ ያገኛቸው፣ ሲጋቡ ለእሱ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት አዛውንት ናቸው። ወዴት እንደሚሄድ ሲነግራቸው የወይፈኑን ገመድ ከእጁ ቀሙት።

«እኔ ነኝ ያጋባኋችሁ፤ ሳላናግራችሁ አትካሰሱም» አሉ።

ሁለቱን ወንዙ ዳር አስቀመጧቸው። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን «ስንት ትሰጣለህ? አንቺስ ስንት ትቀበያለሽ?» ብሎ ይጀምር ነበር። እኚህ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉ ነበርና ወደ ሰውየው ዞረው፣

«ስስታም እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ምኑ ነው ያስፈራህ?» አሉት።

ሰውየው አቀርቅሮ፣ «ዕድሜ ልኬን ልሰጥ ነው፤ ማለቂያ የለውማ!» አለ።

ሴትየዋ ደነገጠች። «ማነው ዕድሜ ልክ ያለው? እኔ የጨነቀኝ የዛሬው ነው! እናቴ ጓሮ ትታልኛለች፤ ጌሾ ብተክልበት የራሴ ይኖረኛል። ግን ጌሾ እንደ ጎመን ዛሬ ተተክሎ ነገ አይለቀም። እስኪደርስ ምን ልብላ?»

«እስኪደርስ ብቻ ነው?» አለ ሰውየው።

«እስኪደርስ ብቻ!»

«ሆን ብለሽ ባትተክዪውስ? ብታደርቂውስ?»

«ኤዲያ! ካላመንከኝ ናና አንተው ትከለው!»

በንዴት ነበር የተናገረችው። እሱ ግን በማግስቱ ችግኝና ዶማ ይዞ ወንዙን ተሻገረ።

ውላቸው አጭር ነበር፤ የእሷ ጌሾ ተለቅሞ ጠላ እስኪጠመቅበት ድረስ፣ በየገበያው አንድ ሸክም ጌሾ ከእሱ ጓሮ። ውርጭ ቢመታው ደግሞ ተገናኝተው ሊነጋገሩ። አዛውንቱ ጻፉት፤ ፍቺያቸውን ያጸደቁት ዳኛም አይተው ተቀበሉት። ወይፈኑም ሳይሸጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያንን ሰው ብታየው! ፍግ ይሸከማል፣ ውሃ ያጠጣል፣ ለችግኙ ጥላ ይሠራል። መንደርተኛው «ምነው ሚስቱ ሳለች እንዲህ በኮተኮተላት!» እያለ ይስቅበታል። እሱ ቀና ሳይል «ዝም በሉ፤ የምኮተኩተው የራሴን ነፃነት ነው» ይላል። ታረቁ እንዳትለኝ፤ አልታረቁም። ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አይነፋፈጉም ነበር።

ጌሾው ደረሰ። አንድ የገበያ ቀን ሸክሙን ይዞ ሲመጣ ሴትየዋ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ከዛሬ ጀምሮ ለገበያ አውጣው፤ የእኔን ለቅሜ ጠምቄበታለሁ» አለችው።

«እፎይ!» አለና ሸክሙን ዱብ አደረገው።

«ለአንተ ብቻ መሰለህ?» አለች። «የሰው እጅ እጅ ማየት እንዴት እንደሚያደክም አታውቅም። እኔም እፎይ!» ሁለቱም ከተጋቡበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም ይባላል።

እንግዲህ ስንሻው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አትኮሳተርብኝ! የምትማታ ወይ የምታታልል ባል ብትሆን ኖሮ እኔው እጇን ይዤ ፍርድ ቤት አደርሳት ነበር። አንተን የያዘህ ግን ፍርሃት ነው። ሚስትህ ብዙአየሁ አንተን ብላ የስፌት ሥራዋን ከተወች ስንት ጊዜዋ! ዛሬ ተነስታ በአንድ ጀንበር ራሷን ትቻል? ዳኛ ስንት እንደምትሰጥ ይቆርጥልህ ይሆናል፤ ምን ቢሟላላት በእግሯ እንደምትቆም ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠይቀሃት ታውቃለህ? ወርሃዊ ቀለቡን ስጣት፣ የስፌት መኪና ግዛላት፣ ደንበኛም ፈልግላት፤ እሷ ቶሎ በቆመች ቁጥር አንተም ቶሎ ታርፋለህ። ጠበቃ የምትይዝበትን ገንዘብ ለዚህ አውለው። በል አሁን ስልክህን አውጣና «እስከ መቼ ላግዝሽ?» በላት። እዚሁ፣ እኔ ፊት።