ለይተው የቀዱት ወተት

አንድ ዘርጋው የሚባል ወተት አላቢ በአንዲት ደጋማ ከተማ ዳር ከሚስቱ ከአስካለና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። አምስት ላሞች ነበሩት። በየማለዳው ያልብና ወተቱን በብስክሌት ጭኖ ለሃያ ሦስት ቤት ያደርሳል። ውሃ አይቀላቅልበትም። የእሱ ወተት ሲፈላ ስልባቦቱ በማንኪያ ይነሳል ይባል ነበር።

ከደንበኞቹ አንዷ የሺመቤት የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጅቷን፣ ማሕደርን፣ ክርስትና ያነሳቻት የዘርጋው ሚስት አስካለ ነበረች። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች አበልጆች ናቸው። ዘርጋው ለየሺመቤት ሲሰፍር ሁልጊዜ ትንሽ ይጨምርላት ነበር።

አንድ ዓመት የመኖ ዋጋ ናረ። ፉርሽካውም ፋጉሎውም ከአቅም በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን አንድ መድኃኒት ነጋዴ ትንንሽ ብልቃጦች የያዘ ሳጥን ይዞ መጣ።

«ይህ የእድገት ሆርሞን ነው» አለ። «በየሁለት ሳምንቱ አንድ መርፌ ብቻ። በዚያው መኖ ብዙ ወተት ታልባለህ።»

ዘርጋው ብልቃጡን እያገላበጠ አየው። አስካለ ግን ነጋዴውን ጠየቀችው።

«ወተቱን የሚጠጣውን ሰው አይጎዳም?»

«ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ አይጎዳም የሚሉም አሉ። እኔ እስካሁን የሞተ ሰው አላየሁም።»

ነጋዴው ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ አስካለ እንዲህ አለች፤ «እሺ፣ ውጋቸው። ሻሼን ግን ተዋት። ነገሩ እስኪጣራ ልጆቻችን ከእሷ ይጠጡ።»

ሻሼ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ትንሿ ላም ናት። ዘርጋው ተስማማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢው ሁለት ባልዲ ሆነ። ትልቁ ባልዲ የአራቱን ላሞች ወተት ይዞ ወደ ከተማ ይሄዳል። ትንሹ የሻሼን ወተት ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ዳግመኛ አልተነጋገሩም።

ወተቱ በእርግጥ ጨመረ። ዘርጋው ሃያ ሦስት የነበረውን ደንበኛ ሠላሳ አምስት አደረሰ። ግን አራቱ ላሞች የበሉት ሁሉ ወተት እየሆነ ወጣባቸውና አጥንታቸው ብቻ ቀረ። አንደኛዋ ማነከስ ጀመረች። የሁለቱ ጡት አበጠ፤ ሲነካ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይፋጃል። እጁን ሲሰድ እግራቸውን ያነሱ ነበር፤ በኋላ ግን እሱንም ተዉት፣ ዝም ብለው ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሌላ መርፌ ሰጣቸውና «ይህን መድኃኒት እስኪጨርሱ ወተታቸውን ድፋ፤ ለሰው አይሆንም» አለው። ዘርጋው የመጀመሪያውን ቀን ደፋ። በሁለተኛው ቀን ባልዲውን አንስቶ ቦዩ ዳር ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ብስክሌቱ ላይ ጫነው።

እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ማሕደር ታመመች። ስምንት ዓመቷ ነበር። ፊቷ አብጦ ይውላል፤ ምግብ አይረጋላትም። ሐኪም ቤት አስተኟትና ኩላሊቷ ነው አሉ። አስካለ ስንቅ እያመላለሰች አስታመመቻት። ልጅቷ ሌላ ምግብ እንቢ ስትል ወተት ብቻ ትቀበል ነበርና በየቀኑ ከትልቁ ባልዲ በፔርሙዝ ይሄድላታል። አስካለ አንድ ጠዋት ፔርሙዙን ከትንሹ ባልዲ ልትሞላ ጎንበስ ብላ ነበር። የልጆቿ ቁርስ ትዝ አላትና ወደ ትልቁ ተመለሰች።

ማሕደር ሐኪም ቤት በተኛች በአርባ አንደኛው ቀን አረፈች።

የልጅቷ ተዝካር ባለፈ በሳምንቱ የሺመቤት ማለዳ ተነስታ ወደ ዘርጋው ግቢ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። የመጣችው፣ ከእንግዲህ ወተት የሚጠጣላት ስለሌለ እንዳያመጣላት ልትነግረው ነበር። ዘርጋው እያለበ ደረሰች። ሁለቱን ባልዲዎች አየች፤ ትንሹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

«የቤት ነው» አለ ዘርጋው።

«ለምን ለብቻው?»

ዘርጋው ጎንበስ ብሎ ማለቡን ቀጠለ። የሺመቤት ከጓዳ ወደ ወጣችው አስካለ ዞረች። አስካለ ልጇን የቀበረች ሴት ፊት ቆማ መዋሸት አልሆነላትም። የመርፌውንም፣ የሻሼንም፣ ሳይደፋ የቀረውንም ወተት አንድ በአንድ ነገረቻት።

ተናግራ ስትጨርስ የሺመቤት ዘርጋውን አየችው።

«በእርግጥ ይጎዳል ብሎ የነገረኝ የለም አበልጄ» አለ። «እኔ አላውቅም ነበር።»

«አይጎዳም ያለህስ አለ?»

«ነጋዴው ሰው አልሞተም ብሏል።»

«አመንከው?»

ዘርጋው ዓይኑን ወደ ትንሹ ባልዲ መለሰ።

«ብታምነውማ ሻሼንም ትወጋት ነበር» አለች የሺመቤት። «ካላወቅህ ለምን ለይተህ ቀዳህ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እየዞረች አላማችም፣ ክስም አልመሠረተች። ለምን ወተት እንደተወች ለጠየቋት ግን ያየችውን ተናገረች። በአንድ ወር ውስጥ ከሠላሳ አምስቱ ቤት አራት ብቻ ቀሩ።

ዘርጋው ብልቃጦቹን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረ። ከአራቱ ላሞች ሁለቱ አልዳኑም። ሦስተኛዋ ለቄራ ሄደች። አንድ ጠዋት ሻሼንና የቀረችውን ላም አልቦ ወደ ድሮ ደንበኞቹ በር ተመለሰ። «አሁን መርፌ የለም። ልጆቼ የሚጠጡትን ነው የማመጣው» እያለ አንኳኳ። ከበሮቹ በአንዱ አንድ ሽማግሌ ወጥተው አዳመጡት።

«ዛሬ እውነትህን እንደሆነ አምናለሁ» አሉት። «ግን አልጠጣልህም፤ ሲቀዳ ባየሁ ቁጥር ከትልቁ ባልዲ የጠጡት የልጅ ልጆቼ ትዝ ይሉኛል።» በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

አስካለ በበኩሏ ማሕደርን ያከመው ሐኪም ዘንድ ሄደች። ምንም ሳትደብቅ ነግራው፣ ልጅቷን የገደላት ወተቱ እንደሆነ ጠየቀችው። ሐኪሙ «ይህን በሽታ ከወተቱ ጋር የሚያገናኝ ያገኘሁት ነገር የለም» አላት። ቀለል ይላታል ብሎ ነበር የነገራት። አስካለ ግን ስትገባ ከነበረው ይልቅ ስትወጣ ይበልጥ ከበዳት። ጥፋቷ በሽታው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። ነገሩ ያጠራጠራት ቀን የራሷን ልጆች ከጥርጣሬው አውጥታ፣ ክርስትና ያነሳቻትን ልጅ እዚያው ትታት ነበር። ይህን ደግሞ የሚያነሳላት ምርመራ የለም።

የሺመቤትና አስካለ ዛሬም በአንድ ሰፈር ይኖራሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ወዲህ ግን አንዷ የሌላዋን ደጅ ረግጣ አታውቅም።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ፣ በመርፌ የበዛ ወተት ሰውን ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን ለሚያጠኑት እንተወው። ላሞቹ የከፈሉት ግን በዓይን የታየ ነው። የከፋው የማይታየው ነው፤ ሰው በልቡ የጠረጠረውን ነገር ከራሱ ማዕድ አንስቶ ለሌላው ሲያቀርብ፣ ጉዳቱ ሳይረጋገጥ ፍርዱን በራሱ ላይ ሰጥቷል። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ሲያውቅ ይመለሳል። ጠርጥሮ ዝም ያለ ሰው ግን ወደየት ይመለሳል?

እናንተ ገዢዎች፣ ወተት ስትገዙ ላሚቱ እንዴት እንደተያዘች ለመጠየቅ አትፈሩ፤ መርፌ የማያውቃትን ላም ወተት ፈልጋችሁ ምረጡ፣ ትንሽ ቢሆንም። እናንተ ሻጮች ደግሞ፣ ወተትም ይሁን እህል፣ ትምህርትም ይሁን ምክር፣ ዛሬ ለሰው ልጅ ያቀረባችሁትን ለራሳችሁ ልጅ ሳትሰጉ ትሰጡታላችሁ?