ዘበኛውና የፊታውራሪ ትልልቅ ካርታዎች

የብሪጅ ካርታ ጨዋታ ክበቡ ሊቀመንበር ፊታውራሪ ሽብሩ ለበር ዘበኛው የሰጡት ትእዛዝ አንድ ነበር፤ «ውስጥ ዘመድ የሌለው፣ የፈለገውን ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን፣ ከበር መልስ!»

አንድ ቀን አራተኛ ተጫዋች ቢጠፋ ዘበኛውን አስቀመጡት። ካርታውን ገልጦ ሲያይ ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። ሰባት የልብ፣ ስድስት የአበባ ካርታዎች፣ ያውም ከአሱ ጀምሮ ወደ ታች! ከሌሎቹ ሁለት ዓይነቶች፣ ከጦርና ከዳይመንድ ግን ለመድኃኒት እንኳ ቢፈለግ አንድ የለም።

«ልብ ሌላውን ሁሉ የሚቆርጥ ገዢ ይሁን! አሥራ ሦስቱንም ዙር እበላለሁ» አለ።

የሌሎቹን ሁለት ዓይነቶች አሶችና ንጉሦች የታቀፉት ፊታውራሪ ጢማቸውን አሻሹ። «ነጥቡ እጥፍ ይሁን! ከተሸነፍክ ነገ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!» ብለው የጦሩን አስ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

ዘበኛው ጦር የለውምና በትንሿ ልብ ቆረጠው። ከዚያማ መጀመሪያ ልቦቹን፣ ቀጥሎም አበባዎቹን እያከታተለ ሲያወርድ፣ ፊታውራሪ ትልልቆቻቸውን አንድ በአንድ በከንቱ ጣሉ። አሥራ ሦስቱም ዙር ተበላ።

«እነዚህን የመሰሉ ትልልቆች ይዤ አንዱ እንኳ እንዴት አያሸንፍም?» ብለው ጮኹ።

ዘበኛው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። «ትልቅነታቸውንማ አይቻለሁ ጌታዬ። ግን እኔ ዘንድ አንድም ዘመድ ስላልነበራቸው፣ እንደ ትእዛዝዎ ከበር መለስኳቸው።»