ስብሰባው በቁም ነው

አቶ ልዑልሰገድ የአንድ ሶፍትዌር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ስለ ዘመናዊ አሠራር ሠልጥነው በተመለሱ ማግስት፣ «ከእንግዲህ የጠዋት ስብሰባ በቁም ነው! የረጅም ወሬ መድኃኒቱ መቆም ነው፤ እግሩ የደከመ ሰው ቶሎ ይጨርሳል» ብለው ከስብሰባ ክፍሉ ወንበሩን ሁሉ አስወጡ። የእሳቸው ብቻ ቀረ። ሥራ አስኪያጅ በሠራተኛ ፊት ተገትሮ አይታይማ!

ሠራተኛው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተንፈላሰው ስለ ፍጥነት ማስረዳት ጀመሩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አንዱ እንደ ፈረስ በቁሙ አንቀላፋ፤ ሌላው ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። በዚያው ቀን ለደንበኛ መድረስ የነበረበት ፕሮግራም ሳይነካ ዋለ። እሳቸው ግን ገና መግቢያውን አልጨረሱም።

ወደ ማታ ሰዓታቸውን አዩና በድንጋጤ የወንበራቸውን መደገፊያ ደበደቡ።

«በቁም ተሰብስቦ የሚያመሽ ድርጅት የት አለ? መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ አሁኑኑ የሚነግረኝ ከሌለ፣ ከነገ ጀምሮ አንዳችሁም እንዳትመጡ!»

ምላሷ የማያርፍ አንዲት ፕሮግራመር ከግድግዳው ተላቃ፣

«መድኃኒቱስ ፍቱን ነው ጋሼ» አለች። «ግን የታመሙት እርስዎ፣ የዋጥነው እኛ!»