«ታች!» ያለችው ማዙ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ የሌላችሁ ተዋሱ።

ማዙ የምትባል ሕፃን ነበረች። ዓመት አልፏታል። እኩያዋ የጎረቤት ልጅ ጥጃ ያባርራል፤ እሷ ግን በስለት የተገኘች ናትና ከእናቷ ከዘነቡ ጀርባ ወርዳ አታውቅም። እግሯ ከአንቀልባው እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። የምታውቀውም ቃል አንድ ብቻ ነው።

«ታች!» አለች ማዙ።

«የኔ እመቤት፣ ወለሉ ሳይጠረግ?» አለች ዘነቡ። «አንተ መጥረጊያ፣ ጥረግ!»

«ዶሮው መሀል ላይ ተጎልቶ? አልጠርግም» አለ መጥረጊያው።

«ታች!» አለች ማዙ። እናት አላወርድም፣ መጥረጊያ አልጠርግም አሉ። «አንተ ዶሮ፣ ውጣ!» አለች ዘነቡ።

«ውሻ ሳያባርረኝ? ክብሬስ?» አለ አውራ ዶሮው።

«ታች!» አለች ማዙ። እናት አላወርድም፣ መጥረጊያ አልጠርግም፣ ዶሮ አልወጣም አሉ። «አንተ ውሻ፣ አባረው!» አለች ዘነቡ።

«እንደታሰርኩ? ደርብ ይፍታኝ» አለ ውሻው እያዛጋ።

ደርብ የማዙ አባት ነው። ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለጎረቤቱ ለአያ ፈንታ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያስረዳል። «የልጅ አጥንት የሚጠናው ሲድህ ነው፤ አእምሮው የሚከፈተው ሲነካካ ነው፤ ልቡ የሚደፍረው ወድቆ ሲነሳ ነው...»

«ደርብ፣ ውሻውን ፍታልኝ» አለች ዘነቡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁም ነገር ላይ ነኝ! አያ ፈንታ ሳይሄድ አልነሳም።»

«እኔም ጠላዬን ሳልጠጣ አልሄድም» አለ አያ ፈንታ። «ጣሳው ደግሞ ባዶ ነው።»

«ታች...» አለች ማዙ፣ ቀስ ብላ። እናት አላወርድም፣ መጥረጊያ አልጠርግም፣ ዶሮ አልወጣም፣ ውሻ አላባርርም፣ አባት አልነሳም፣ እንግዳ አልሄድም አሉ። ማዙ ፊቷን እናቷ ጀርባ ላይ ቀበረች። ያቺ አንዲት ቃሏም ልትጠፋ ሆነ።

«ፈጣሪዬ፣ እግር የሰጠሃት ለጌጥ አይደለም» አለች ዘነቡ በሆዷ፣ ጣሳውን ይዛ ወደ ጓዳ እየገባች።

ጠላው የቀረው ጋኑ ውስጥ፣ ከታች ነው። ጎንበስ ብትል ማዙ በአናቷ ጋን ልትገባ ነው። ምን ታድርግ? አንቀልባውን ፈታችና አወረደቻት!

ማዙ ጋኑን ተደግፋ ቆመች። አንድ ረገጠች፣ ወደቀች፣ እናቷን አየች።

«አይዞሽ!» አለች ዘነቡ፣ እየሳቀች።

ተነሳች። ዳዴ፣ ዳዴ። ዶሮው ክብሩን ረስቶ በረረ። መጥረጊያው በማዙ እጅ እየተጎተተ ሳይወድ ጠረገ። ውሻው እንደታሰረ ጭራውን ቆላ። ማዙ ደጃፍ ደርሳ የአባቷን ጉልበት ያዘች።

«አየህ አያ ፈንታ?» አለ ደርብ ደረቱን ነፍቶ። «አስተዳደግ ማለት ይህ ነው!»

ማዙ ቀና ብላ አየችው። በርጩማውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ታች!» አለችው።

ደርብ ወረደ። መጥረጊያውንም ማዙ አስያዘችው። አያ ፈንታም ጠላው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ተነስቶ ሄደ። የኔም ተረት እዚህ ላይ ከጀርባዬ ወረደ።